ብርሃኑ ከየት መጣ?

«እኔ ሥዕል አይገባኝም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ወደ ፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ሲጋበዝም፣ ጥቁርና ነጭ የሆነ የቆየ ፊልም እንዲያይ ሲነገረውም መልሱ ያው ነው። አባባሉ ከትሕትና የመጣ ቢሆንም ሰውየውን ከደጅ ይመልሰዋል። ትርጉሙን አስቀድሜ ማወቅ አለብኝ ብሎ ስለሚያምን የሚነግረው ዐዋቂ ይጠብቃል፤ ዐዋቂው ሲመጣ ደግሞ ማብራሪያውን ሲያዳምጥ ቆይቶ ሥዕሉን ሳያይ ይወጣል።

ለጀማሪ ከትርጉም የሚቀድም፣ ዐይን ያለው ሁሉ ሊመልሰው የሚችል አንድ ጥያቄ አለ። ብርሃኑ ከየት መጣ? ከግራ ነው ከቀኝ? ከመስኮት ነው፣ ከፋኖስ ነው፣ ከፀሐይ ነው? ማን ላይ አረፈ፣ ማንን ጨለማ ውስጥ ተወ? ይህን ለመመለስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ሠዓሊውም፣ ፎቶ አንሺውም፣ የፊልም ዳይሬክተሩም አብዝተው የሚጨነቁበት ነገር ግን ይኸው ብርሃን ነው። ስለዚህ ጥያቄውን አጥብቆ የያዘ ተመልካች ማንም ሳይመራው ወደ ሐሳባቸው መሃል ይደርሳል። እንዴት እንደሚደርስ በጥቂት ሥራዎች ላይ እንየው።

ሮም ውስጥ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። በግራ በኩል ካሉት ትንንሽ የጸሎት ክፍሎች በአንዷ ውስጥ ካራቫጆ የተባለው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ከ1599 እስከ 1600 እ.ኤ.አ. የሠራው «የማቴዎስ መጠራት» ይገኛል። ታሪኩን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ማቴዎስ በመቅረጫው ተቀምጦ ሳለ ክርስቶስ አልፎ ሲሄድ ያየዋል፤ ተከተለኝ ይለዋል፤ ማቴዎስም ተነሥቶ ይከተለዋል። ካራቫጆ ይህን ወደ አንድ ደብዛዛ ክፍል ያስገባዋል። አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበዋል። የለበሱት በክርስቶስ ዘመን ይለበስ የነበረውን አይደለም፤ ሠዓሊው ራሱ በኖረበት ዘመን የሮም ጎረምሶች የሚለብሱትን፣ ላባ የተሰካበትን ባርኔጣ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሳንቲም አለ። በቀኝ በኩል ክርስቶስና ጴጥሮስ ባዶ እግራቸውን ገብተው ቆመዋል። ጴጥሮስ ከፊት ስለቆመ ከክርስቶስ በደንብ የሚታየን ፊቱና የተዘረጋው እጁ ብቻ ነው።

አሁን ጥያቄያችንን እናቅርብ። ከሰዎቹ በላይ ግድግዳው ላይ ትልቅ መስኮት አለ፤ ዐይናችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ነገር ግን መስኮቱ የተሸፈነ ነው፤ ከእርሱ የሚገባ አንዳች ብርሃን የለም። ሠዓሊው መስኮት ስሎ ብርሃን ከለከለው። ክፍሉን የሚያበራው ጮራ የሚመጣው ከቀኝ በላይ በኩል፣ ከሥዕሉ ጠርዝ ውጭ ነው። ከክርስቶስ ራስ በላይ ይነሣል፤ ግድግዳውን በሰያፍ ሰንጥቆ ይወርዳል፤ በተቀመጡት ሰዎች ፊት ላይ ያርፋል። የክርስቶስ እጅም ከጮራው ሥር፣ በዚያው አቅጣጫ ተዘርግቷል። ጥሪውና ብርሃኑ አንድ መንገድ ይዘው መጡ ማለት ነው። በሥዕሉ ላይ አፉን ከፍቶ የሚናገር ሰው አያስፈልግም፤ የሚነገረውን ብርሃኑ ተናግሮታል።

ቀጥሎ ማን ላይ እንዳረፈ ተመልከቱ። መሃል የተቀመጠው ጺማም ሰውና አጠገቡ ያሉት ወጣቶች ቀና ብለዋል፤ ፊታቸው በርቷል። በግራ ጥግ ያለው ወጣት ግን አንገቱን እንደደፋ ሳንቲሙን ይቆጥራል፤ መነጽር ያደረገው ሽማግሌም በላዩ ጎንበስ ብሎ ቆጠራውን ይከታተላል። ጺማሙ ሰው በጣቱ ይጠቁማል፤ ወደ ራሱ ነው ወይስ ወደዚያ አንገቱን ወደደፋው ወጣት? የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ብዙዎች ማቴዎስ ጺማሙ ነው ይላሉ፤ አይደለም፣ ወጣቱ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ልቤ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል። ሥዕሉ የያዘው ማቴዎስ ከመነሣቱ በፊት ያለችውን ቅጽበት ከሆነ፣ ብርሃኑ መጥቶበት ገና ቀና ያላለው ሰው ማቴዎስ ቢሆን ታሪኩ ይበልጥ ያንቀጠቅጣል። አንባቢ ሥዕሉን አይቶ በዚህ ባይስማማ ደስ ይለኛል፤ ለመከራከር የሚያስፈልገው ማስረጃ ሁሉ እዚያው ሸራው ላይ አለና።

ሥዕሉ የተሰቀለበት ቦታም አንድ ነገር ይነግረናል። የጸሎት ክፍሏ መስኮት ያለው ከመሠዊያው በላይ ነው፤ ሥዕሉ ደግሞ በግራው ግድግዳ ላይ ነው። ስለዚህ የእውነተኛው መስኮት ብርሃን ወደ ሥዕሉ የሚደርሰው ከቀኝ ነው። ካራቫጆ በቀለም የሠራውን ጮራ ከዚያው ከእውነተኛው መስኮት የገባ አስመስሎ ነው የሳለው። ምእመኑና ማቴዎስ በአንድ ብርሃን ሥር ሆኑ። በመጽሐፍ ወይም በስልክ ላይ ሥዕሉን ብቻ ያየ ሰው ይህ ይቀርበታል፤ ሥዕልን በተሠራለት ግድግዳ ላይ ማየት የሚበጀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህንኑ ጥያቄ ይዛችሁ ወደ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቡ። ጣሪያው ክንፍ ባላቸው የመላእክት ፊቶች ተሞልቷል፤ ግድግዳዎቹ ላይ ቅዱሳን፣ ሰማዕታት፣ ፈረሰኞች በረድፍ በረድፍ ተሥለዋል። ብርሃኑ ከየት መጣ? ከየትም። ፊቶቹ ሁሉ እኩል በርተዋል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግሩ ሥር ጥላ አይጥልም። በሥዕሉ ውስጥ ጧትም ቀትርም የለም። እኔ እንደምረዳው ይህ ራሱ መልስ ነው። እነዚህ ሥዕሎች የሚያሳዩት ፀሐይ የምትወጣበትንና የምትጠልቅበትን ዓለም አይደለም፤ በዮሐንስ ራእይ እንደተገለጸችው ከተማ፣ የፀሐይም የጨረቃም ብርሃን የማያሻውን ዓለም ነው።

የጥንት ሠዓሊዎቻችን ጥላ መሥራት ስለማያውቁ ነው የሚል አስተያየት አንዳንዴ ይሰማል። አስተያየቱ ትክክል አይደለም። የጎንደርን ዘመን ሥዕል ያጠኑ ምሁራን ሁለት ስልት ይለያሉ። በመጀመሪያው ስልት ቀለሙ ደማቅና ወጥ፣ መደቡም ባዶ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን በደመቀው በሁለተኛው ስልት ግን ሠዓሊዎቹ ከውጭ የመጡ የኅትመት ሥዕሎችን አይተዋል፤ የልብሱን እጥፋት፣ የጉንጩን ሙላት ቀለሙን እያጠቆሩና እያነጡ አውጥተውታል፤ መደቡንም ከደማቅ ወደ ጥቁር እያሸጋገሩ ቀብተውታል። ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት በሚገኘው ናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩበት ሥዕል የዚህ ስልት ነው። እነዚህ ሠዓሊዎች ለአካል በጥላ ሙላት መስጠት ችለዋል፤ ቅዱሳኑን ከአንድ አቅጣጫ በሚመጣ ጮራ ሥር ማቆም ግን አልፈለጉም። ያወቁትን መርጠው ተዉት።

ታዲያ በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የብርሃኑን ሥራ የሚሠራው ምንድን ነው? ዐይን ነው። ጻድቃን ሙሉ ፊታቸው ወይም ከፊታቸው አብዛኛው ተስሎ ሁለቱም ዐይናቸው ይታያል። ክፉዎች፣ አሳዳጆች፣ አጋንንት፣ በምሴተ ኀሙስ ማዕድ ላይ ያለው ይሁዳም፣ በጎን ተስለው በአንድ ዐይን ይቀራሉ። ካራቫጆ ፊት ቆመን ብርሃኑ ማን ላይ እንዳረፈ እንደጠየቅን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ማን በሁለት ዐይኑ እንደሚያየን እንጠይቃለን። ጥያቄው ሥዕሉን ተከትሎ መልኩን ቢለውጥም የሚያደርሰን ያው ሠዓሊው መልካሙን ከክፉው ወደ ለየበት ቦታ ነው።

ብርሃንን በቀለም መምሰል ትቶ ፀሐይን ራሷን የሠዓሊው ተባባሪ ያደረገ ሥራ ለማየት ከፈለጋችሁ አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ አለ። በጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዘዲሚ ተነድፎ በ1961 እ.ኤ.አ. ተመርቋል፤ በግንቦት 1963 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመበትም ነው። በውስጡ ያለው የሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ በሦስት ክፍል የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና ተስፋዋን ይተርካል። እዚህ ቀለሙ የሚበራው ከኋላው ነው። ደመና ሲሸፍን ይከደናል፤ ፀሐይ ስትወጣ ይነዳል፤ ቀለሙ ወለሉና ሰው ላይ ይፈሳል። ስለዚህ የጧቱ ጎብኚና የማታው ጎብኚ ያዩት ሥራ አንድ አይደለም። የመግባት ዕድል ያገኘ ሰው ቸኩሎ ባይወጣና አንዲት ደመና እስክታልፍ እዚያው ቢቆም እመክራለሁ።

ወደ ፎቶግራፍ ስንመጣ ጥያቄው ይበልጥ ይጠነክራል፤ ፎቶግራፍ የሚሠራው ከብርሃን ብቻ ነውና። እስከ ዛሬ ከተረፉት በካሜራ ከተነሡ ፎቶዎች ሁሉ ጥንታዊው፣ ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒዬፕስ በ1826 ወይም በ1827 እ.ኤ.አ. ከቤቱ መስኮት ያነሣው ነው። የሚታዩት ጣሪያና የቤት ግድግዳዎች ናቸው፤ ሰው የለበትም። ብርሃኑ ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ እንግዳ ነገር እናያለን፤ በግራም በቀኝም ያሉት ግድግዳዎች ፀሐይ መቷቸዋል። ምስሉ በካሜራው ሳህን ላይ እስኪታተም ብዙ ሰዓት ስለፈጀ ፀሐይዋ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስትሻገር ሁለቱንም ወገን አብርታለች። በሰው ዐይን አንድም ጊዜ ያልታየ ብርሃን ነው።

ከዚያ ወዲህ ካሜራው ፈጠነ። የማሊው ፎቶ አንሺ ማሊክ ሲዲቤ በ1963 እ.ኤ.አ. ባማኮ ውስጥ በገና ሌሊት ያነሣው ፎቶ የቅጽበት ሽራፊ ነው። አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ሴት ይደንሳሉ፤ ወንድምና እኅት ናቸው። እርሱ ነጣ ያለ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ እርሷ ጫማዋን አውልቃለች። ግንባራቸው ሊነካካ ደርሶ ሁለቱም ወደ እግራቸው ያያሉ። ሌሊት ስለሆነ ከሰማይ የሚመጣ ብርሃን የለም፤ ያበራቸው የሲዲቤ ካሜራ ፍላሽ ነው። ብርሃኑ የመጣው ከፎቶ አንሺው ዘንድ ነው ማለት ነው፤ እርሱ በቆመበት በኩል ያለው ሁሉ በራ፣ ከኋላ ያለው ጠቆረ። እንዲህ ያለ ብርሃን ሰውን ያደርቃል፤ ከግድግዳ ጋር ይለጥፋል። ሲዲቤ ግን ቀርቦ፣ ዝቅ ብሎ፣ ከዳንሰኞቹ ጋር ስለነበረ ፍላሹ ሰላይ አልሆነባቸውም። ማሊ ነጻ ከወጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ያቺ ባዶ እግሯን የምትደንስ ልጅ ስለዚያ ዘመን የምትነግረንን ያህል የሚነግረን ንግግር ያለ አይመስለኝም። ሲዲቤ በ2007 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ቢዬናሌ የወርቅ አንበሳ ሲሸለም ያን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ፎቶ አንሺ ሆኗል።

ለልምምድ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የቤተሰብ አልበም ይበቃል። ፎቶ ቤት የተነሣ አንድ የቆየ ጉርድ ፎቶ አውጡና ዐይኑን በማጉያ መነጽር ተመልከቱ። በዐይኑ ብሌን ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ አለች። እርሷ የብርሃኑ ምንጭ ነጸብራቅ ናት። ነጥቧ አራት ማዕዘን ከሆነች ሰውየው መስኮት ፊት ተቀምጦ ነበር፤ ሁለት ክብ ነጥቦች ካሉ ፎቶ አንሺው ከግራና ከቀኝ ሁለት መብራት አቁሟል። ጭራሽ ነጥብ ከሌለ ዐይኑ ደብዝዞ፣ ፊቱ ሕይወት አጥሮት ታገኙታላችሁ። ከዚያ የአፍንጫውን ጥላ እዩ፤ ጥላው ወደ ታች ከወረደ መብራቱ ከፍ ብሎ ከፊት ነበር፤ ወደ ጉንጭ ከተሻገረ ከጎን ነበር። ይህን በአንድ አልበም ላይ የሞከረ ሰው የአያቱን ፎቶ ያነሣው ባለሙያ የት ቆሞ እንደነበር፣ መብራቱን ምን ያህል ከፍ እንዳደረገ ማወቅ ይጀምራል። ስሙ ያልተጻፈ ባለሙያ ሥራው ፊት ለፊቱ ይገለጥለታል።

ፊልም ይህን ሁሉ ወስዶ ጊዜ ይጨምርበታል፤ ብርሃኑ እያየነው ይንቀሳቀሳል። ለዚህ ከጃፓኑ ዳይሬክተር ከአኪራ ኩሮሳዋ «ራሾሞን» የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። በ1950 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች የሚፈጅ፣ በ1951 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የወርቅ አንበሳን አግኝቶ የጃፓንን ሲኒማ ለዓለም ያስተዋወቀ ፊልም ነው። ታሪኩ ስለ አንድ ወንጀል ነው። ጫካ ውስጥ አንድ ሳሙራይ ተገድሏል። ሽፍታው፣ የሟቹ ሚስት፣ በጠንቋይ አፍ የሚናገረው ሟቹ ራሱ፣ በመጨረሻም እንጨት ቆራጩ የሆነውን ይተርካሉ፤ አራቱም ቃል አይገጥምም።

ፊልሙ የሚካሄደው በዋናነት ሦስት ቦታ ነው፤ ሦስቱም የየራሳቸው ብርሃን አላቸው። አንደኛው፣ የፈራረሰ የከተማ በር ነው፤ ዶፍ ይዘንባል፤ ከዝናቡ የተጠለሉ ሰዎች የሰሙትን እያነሡ ይጨነቃሉ። ሰማዩ ግራጫ ስለነበረ ውሃው በካሜራ አልታይ ሲል ጥቁር ቀለም ተቀላቅሎበታል። ሁለተኛው፣ ምስክሮቹ ቃላቸውን የሚሰጡበት ግቢ ነው። ከኋላቸው ነጭ ግንብ፣ ከላያቸው ምንም የማይደብቅ ወጥ ፀሐይ። ዳኛው አይታይም፣ ድምፁም አይሰማም፤ ምስክሮቹ መሬት ተቀምጠው የሚያዩት እኛን ነው። ሁሉም ነገር ፍንትው ብሎ በሚታይበት በዚያ ግቢ ነው እንግዲህ የሚዋሸው። ሦስተኛው፣ ጫካው ነው። እዚያ ፀሐይ በቅጠል መሃል ተሰባብራ ትወርዳለች፤ የሰዎቹ ፊት ግማሹ በርቶ ግማሹ ይጨልማል፤ ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር የበራው ይጨልማል፣ የጨለመው ይበራል። አንድን ፊት ለረጅም ጊዜ ሙሉውን አናየውም።

የካሜራ ባለሙያው ካዙኦ ሚያጋዋ ይህን ብርሃን ያገኘው በልፋት ነው። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ስለነበረ ትልልቅ መስታወቶች አቁሞ ፀሐይዋን ከቅጠሉ ውጭ ይዞ ወደ ተዋንያኑ ፊት መለሳት። በዚያ ዘመን ካሜራን ወደ ፀሐይ ማዞር እንደ ነውር ይቆጠር ነበር፤ ፊልሙን ያቃጥለዋል ተብሎም ይፈራ ነበር። ሚያጋዋ ግን በቀጥታ አዞረው። እንጨት ቆራጩ ወደ ጫካው ሲገባ የሚታየውን ክፍል አስተውሉ። ንግግር የለም። መጥረቢያው ትከሻው ላይ ያብለጨልጫል፤ ካሜራው አንዴ ከፊቱ፣ አንዴ ከኋላው፣ አንዴ ከቅርንጫፎቹ መሃል ወደ ላይ ወደ ፀሐይዋ እያየ ይከተለዋል። ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚቆይ ጉዞ ነው፤ ሲያልቅ ግን ከሚታወቀው ዓለም ወጥተን ዐይናችንን ወደማናምንበት ቦታ እንደገባን እናውቃለን። ገና አንድም ምስክር አልተናገረም። ብርሃኑ ግን የምንሰማውን ቃል እንዴት መስማት እንዳለብን አስቀድሞ አስተምሮናል።

ጥቁርና ነጭ ፊልም ብዙ ወጣት ተመልካቾችን ያርቃል፤ ቀለም የጎደለው ይመስላቸዋል። በ«ራሾሞን» ጫካ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ቢኖር ዐይናችን በቅጠሉ ውበት ይያዝ ነበር፤ አረንጓዴው ስለሌለ ግን ብርሃንና ጥላ ብቻቸውን ቀርተዋል።

ከዚህ በኋላ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይከተል። ኃይሌ በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ይማር በነበረበት ጊዜ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ክረምት ወደ አገሩ ተመልሶ፣ የዘውዱ ሥርዓት ሊወድቅ በተቃረበባቸው ሳምንታት፣ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀረጸው፤ ተዋንያኑም ሙያቸው ትወና ያልሆነ ሰዎች ናቸው። በአንድ ባላባት ሥር የሚያርስ የጭሰኛ ቤተሰብ ኑሮ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ አይቸኩልም፤ ሰው ሲያርስ ሲያርስ ያሳያል፣ ሲሄድ ሲሄድ ያሳያል። ታሪኩ እስኪፈጥን የሚጠብቅ ተመልካች ይደክማል። ጥያቄውን ይዞ የገባ ተመልካች ግን ሥራ አይፈታም፤ እዚህ ጥያቄው ፀሐዩ የማን፣ ጥላው የማን ነው ወደሚል ይዞራል። ማን ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ይውላል፣ ማን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያዛል? የመሬት ላራሹ ጥያቄ በዚያ ዘመን በመፈክር ሲጮኽ፣ ኃይሌ በብርሃን አስቀምጦታል።

ፊልሙን ስትፈልጉ ጣሊያን፣ ቦሎኛ በሚገኘው የፊልም ቤተ መዛግብት የታደሰውን ቅጂ ፈልጉ፤ በደበዘዘ ቅጂ ላይ ጥቁሩ ግራጫ ይሆንና ከላይ ያልኩት ሁሉ ይጠፋል። በስልክ አትዩት፤ ካላችሁ ስክሪን ሁሉ በትልቁ ላይ፣ የክፍሉን መብራት አጥፍታችሁ፣ ከተቻለም እርሻን ከሚያውቁ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ጋር ተቀምጣችሁ እዩት። እኛ መብራቱንና ጥላውን ስንከታተል እርሳቸው የሞፈሩን አያያዝ፣ የበሬዎቹን ድካም፣ የሰዓቱን መምሸት ያያሉ፤ አንዱ ያላየውን ሌላው ይነግረዋል።